የሐምሌ እሑድ ድስት

እሑድ ዐሥር ሰዓት፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣
ዝናቡ ከጊዮርጊስ በኩል ይመጣል፣ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ።
ፍሪጁ በር ላይ፣ በማግኔት ተይዛ፣
አንዲት ብጣሽ ወረቀት ትጠብቀኛለች፣ ትእዛዝ አርግዛ፦
«አጥንቱን ቀድመህ ጣድ። ድንቹን አታብዛ።
ካሮት ከሌለ ተወው፤ ዝንጅብል እንዳትረሳ።
ሦስት ሰዓት ነው የምወጣው፣ ከጥቁር አንበሳ።
ናርዶስ ታግዝህ። ሹራብ ይልበስ ያፌት።»
ሰላምታ የለው፣ ፊርማ የለው፤
እንዲህ ነው የሙሉነሽ ፍቅር፣ አጭር፣ እንደ መድኃኒት ወረቀት።

በብርድ ምን ይበላል? ሳስብ ነው የዋልኩት፣ ከጠዋት ጀምሮ፦
ገንፎ ነበር፤ ማማሰያው ግን ከክንዴ ጋር ተጣልቷል፣ ከድሮ።
መኮሮኒ በሥጎ ልጆቹ ይወዱ ነበር፣
ሐሙስ በልተን፣ ዓርብ በልተን፣
የቅዳሜውን አሙቀን ባንጨምር ኖሮ።
የምስር ሾርባ ቀላል ነው። ግን እሑድ ነው፤
እሑድ በምስር ካለፈ፣ ሰኞን በምን ልንለየው ነው?

ስለዚህ ቅቅል።

ከጋሽ ደመላሽ ሥጋ ቤት፣
ኪሎ ተኩል የበግ ጎድን፣ አጥንቱ በዝቶ ሥጋው አንሶበት፤
«ለቅቅል አጥንቱ ነው ቁም ነገሩ» አለኝ፣
ሚዛኑ ላይ ጣቱን አሳርፎበት።
ቀይ ሽንኩርት በአራት ተከፍሎ፣ ነጩ በቁሙ፣
የጥብስ ቅጠል ሁለት ዘለላ፣ እርድ ለቀለሙ፤
ድንች ሦስት (እሺ፣ አምስት)፤ ቃሪያው ለመጨረሻ።
ከዚያ ክዳን። ከክዳኑ በኋላ እጅን ታጥቦ መቀመጥ ነው፣
መነካካት አያሻ።

ውኃው መንተክተክ ሲጀምር መስኮቱ ላበው፤
ያፌት በጣቱ መኪና ሣለበት፣ ጎማው ሦስት ብቻ ነው።
ናርዶስ እንጀራውን እየጠቀለለች «አባዬ፣ ጨውስ?» አለች።
«ቆይ፣ መጨረሻ ላይ» ስላት፣ መብራት ሄደች።
ከአራዳ እስከ እሪ በከንቱ፣ ጨለማ ባንድ ጊዜ፤
ድስቱም ወሬውን አቆመ፣
እንደ ተቀማ ሰው፣ በትካዜ።

ድሮ ቢሆን ግድግዳውን መምታት ነበር።
«እትዬ ተዋበች!» ማለት ብቻ፤
ከወዲያ በኩል፣ በቆርቆሮ ክዳን፣ ፍም ይመጣ ነበር።
አሁን ከግድግዳው ወዲያ የታጠረ ባዶ መሬት ነው።
እሳቸው አራብሳ ናቸው፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሲሄዱ የከሰል ማንደጃቸውን እኛ ደጅ ትተው፣
«ፎቅ ላይ ምን ይሠራልኛል፣ ልጄ፣
ጢሱን ለማን ልላከው?»
ደረጃ ሥር ከርሟል፣ የያፌት ያነሰው ጫማ ላዩ ላይ።

አወጣነው።
በረንዳው ላይ ናርዶስ በአሮጌ ደብተር አራገበች፣
ያፌት ዓይኑ እስኪቀላ ነፋ፤
እሳቷ ስንለምናት እምቢ ብላ፣ ስንተዋት ተነሣች።
(በባለቤቷም እጅ እንዲሁ ነበረች።)
ሦስታችን በአንድ ጋቢ ድስቱን ከበን፣
ብርዱ ከጀርባ፣ ሙቀቱ ከፊት፤
ስልኩን ያየ የለም። እውነቱን ለመናገር፣
የማንም ስልክ ባትሪ አልነበረበት።

ናርዶስ እትዬ ተዋበች ሲያስነጥሱ እንዴት እንደሆነ አሳየችን፤
ሳቅን። ከዚያ ግድግዳውን አየን፣ ሳቃችን አነሰብን።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉነሽ ገባች፣ ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣
የሰው ሕመም ቀኑን ሙሉ ትከሻዋ ላይ ተቀምጦ።
ጭልፋውን ከእጄ ወሰደች፣ ቀመሰች።
ዝም አለች።
«ጨው የለውም» አለች።
«ድንቹም አምስት ነው።»
ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሳህን ሳትጠብቅ፣
ዱካው ላይ ተቀምጣ አንድ አጥንት አነሣች፣
መቅኔውን መጠጠች፣
ዓይኗንም ጨፈነች።
ጨዉን እኛ በየሳህናችን፣ እንደየጥፋታችን በተንን።

አምስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ የፈለገው አልነበረም።
ያፌት ተኝቷል፣ ሹራቡን ሳይለብስ።
ማንደጃው ውስጥ አንድ ፍም አለ፣ ማንም አልነካውም።
ነገ ለእትዬ ተዋበች እደውላለሁ፤
እሳትዎ ደኅና ናት፣
ትንሽ ትነጫነጫለች እንጂ፣ እላለሁ።